የውሃልክ ግራ ዓይን

ሰውየው እናትና አባቱ ያወጡለት ደህና ስም አለው፤ በዚያ ስም የምትጠራው ግን ሚስቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ ውሃልክ ነው። ውሃ ልክ ማለት ግንበኛና አናጺ ሥራቸው ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ ሆዱ ውስጥ አንዲት አረፋ የታሰረችበት መሣሪያ ነው። አረፋዋ መሀል ላይ ከቆመች ሥራው ልክ ነው፤ ወደ ዳር ከሸሸች አንድ ሰው ተሳስቷል። ሰውየው ስሙን ያገኘው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። አንድ ስመ ጥር ግንበኛ ለክቶ የጨረሰውን መስኮት ከመንገድ ማዶ ቆሞ፣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ በቀኙ አየት አደረገና «ዘሟል» አለ። ግንበኛው መጀመሪያ ተሳደበ፣ ቀጥሎ እንደገና ለካ፣ ከዚያ አፉን ዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ውሃልክ መሣሪያውን በእጁ ነክቶት አያውቅም። «እኔ እያለሁ ምን ያደርጋል?» ይል ነበር። ኩራት ነው፤ ግን የሚያምርበት ኩራት ነበር። በሩም መስኮቱም ቁም ሣጥኑም በዚያች በቀኝ ዓይኑ ሳይታይ ከሥራ ቤቱ አይወጣም። ግራዋ ደግሞ ሥራ ሲጀመር ትጨፈናለች፣ ሥራ ሲያልቅ ትከፈታለች። ስንት ዓመት ሙሉ እንደ ሀብታም ልጅ ተኝታ ኖረች።

አብሮት የሚሠራው የሚስቱ ወንድም ነው። እሱም ቅጽል ስም አለው፤ ሞረድ ይሉታል። ሞረድ ጎርባጣውን ነገር እየፋቀ የሚያለሰልስ ሻካራ ብረት ነው። አማችየው ግን ይህን ስም ያገኘው በእጁ አይደለም፣ በምላሱ ነው። ጠዋት የሥራ ቤቱን በር ሲከፍቱ፣ «እንዴት አደርክ አንተ ዶማ?» ይላል ሞረድ። «ፊትህን እስካይ ድረስ ደህና ነበርኩ» ይላል ውሃልክ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ መጋዙም ስድቡም አያቋርጥም። አንዱ የመታው ሚስማር ከጠመመ ሌላው «በክርንህ ነው የመታኸው?» ይላል። ቀለም የተዝረከረከ እንደሆነ «በሩን ቀባኸው ወይስ አስነጠስክበት?» ይባባላሉ። አዲስ ደንበኛ የመጣ እንደሆነ ሊደባደቡ ነው ብሎ ደጃፉ ላይ ይቆማል። የቆየው ደንበኛ ግን ገብቶ ይቀመጣል፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ሲሰዳደቡበት የዋሉበት ዕቃ እንደማይጠምም ያውቃል።

አደጋው የደረሰው በጠራራ ፀሐይ፣ በማይረባ ሥራ ላይ ነው። ሞረድ ከአሮጌ ጣውላ ላይ የዛገ ሚስማር ይነቅላል። አንዱ ሚስማር አልነቀልም አለው፤ ሞረድ ደግሞ እምቢ የሚለውን ነገር አይወድምና በመዶሻ ከጎኑ አቀመሰው። የሚስማሩ ራስ ተቆርጦ በረረ። ውሃልክ ከጠረጴዛው ማዶ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ ግራዋን ጨፍኖ ቀኟን ከፍቶ፣ የአንድ ጣውላ ጠርዝ ያይ ነበር። የሚስማሩ ራስ ሄዶ ያገኘው የተከፈተችውን ነው። እንዲህ ሆኖ ሥራ የማታውቀዋ ግራ ዓይን ተኝታ ተረፈች፤ ታታሪዋ ቀኝ ሄደች። በሰውም ላይ ቢሆን ይህ ዓለም ከዚህ የተሻለ ፍርድ የለውም።

መከላከያ መነጽር አልነበራቸውም እንዳይባል ነበራቸው። ግድግዳው ላይ ከነላስቲኩ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣ ነበር።

ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ የሚችሉት ግን ዓይኑን ማውጣት ሆነ። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ሰው ሠራሽ ዓይን ወደሚሠራ ባለሙያ ላኩት። ውሃልክ አኩርፎ ሄደ። ባለሙያው ዓይኗን አስገባ፣ አወጣ፣ ጠርዟን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ እንደገና አስገባ፣ እንደገና ፈገፈገ። ይሄኔ ውሃልክ ቀና ብሎ ተቀመጠ፤ ከእንጨት ሥራ ውጭ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው አይቶ አያውቅም። መስታወት ሲሰጡት ግራ ቀኝ እያለ አየ። «ገጠሙ ጥሩ ነው» አለ። «ቫርኒሹ ግን በዛ።»

ቤት ሲገባ ኑሮ በአንድ ዓይን ምን እንደሆነ ተማረ። ሁለት ዓይን ያለው ሰው ብርጭቆው የት ጋ እንዳለ ሳያስብ ያውቃል። ውሃልክ ግን ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆው ከሚመስለው ቦታ ትንሽ ወደዚያ ነው፤ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ሰው ሊጨብጠው እጁን ሲዘረጋ አየር ይጨብጣል። የደረጃ ጥላ ደረጃ መስሎት እግሩን ከፍ አድርጎ ይራመዳል፤ ደረጃውን ጥላ ነው ብሎ ይደናቀፍበታል። በቀኙ በኩል የሚመጣ ሰው ሁሉ ከመሬት የበቀለ ይመስለዋል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ትከሻውን የገጨውን ምሰሶ «ይቅርታ ጌታዬ» ብሎት አለፈ።

የሄደችውም ዓይን ብትሆን ጨርሳ አልሄደችም። አንዳንዴ ባዶው ቦታ ውስጥ ወይን ጠጅ ብርሃን ብልጭ ድርግም ይላል። ሐኪሙን ቢጠይቀው የተለመደ ነው አለው። «ጡረታ ወጥታም ቢሮ የምትመጣ ሠራተኛ ማለት ናት» አለ ውሃልክ። ሐኪሙ ሌላም ነገር ነገረው፤ እንባ የሚያመነጨው ቦታ ስላልተነካ ዓይኑ ባይኖርም እንባው አለ። ይህን ሲሰማ ባርኔጣውን አደረገ።

ሚስቱ ስትመለከተው ማልቀስ ያሰኛታል፤ ነገር ግን ማልቀስ የማይሆንላት ሴት ናትና ትቀልዳለች። የዓይኑን ጎድጓዳ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ስታጥብለት፣ «ዓይኑን በጨው ያጠበ ሲባል ስሰማ ነበር፤ በቤቴ አየሁ» ትለዋለች። ሌሊት ሰው ሠራሿ ዓይን ደህና አትከደንም፤ ሴትየዋ ዞር ስትል አንድ ዓይን እንዳፈጠጠ ነው። «በእንቅልፍህም ትጠብቀኛለህ እንዴ?» ብላ መሀረብ ጣል አደረገችበት። ከተጋቡ ጀምሮ የምትተኛው በቀኙ በኩል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሲነቃ በግራው በኩል ተኝታ አገኛት። «ምነው?» ቢላት፣ «ስትነቃ ግድግዳ ከምታይ ብዬ ነው፤ ከወደድክ እመለሳለሁ» አለችው። አትመለሺ አለ። ያን ቀን ቁርሱን ደህና በላ።

ጠያቂ ግን ቁም ስቅሉን አሳየው። የእኛ ቋንቋ ያለ ዓይን አፉን አይፈታም፤ ይህን የሚያውቀው ዓይን ያጣ ሰው ቤት ለጥየቃ የሄደ ነው። ጎረቤትየዋ ገና ከመቀመጧ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንዳንተ ያለ ጨዋ ሰው...» ብላ ደርቃ ቀረች፤ የያዘችው ብስኩት ሻዩ ውስጥ ሟሟ። የሚስቱ አጎት ደግሞ ጨዋታ ያመጣሁ ብለው ስለ አንድ ሌባ ሲያወሩ፣ «ዓይን ያወጣ...» አሉና ተያዙ። «ያወጣ... ያወጣ... እንዲያው ደፋር የሆነ ሌባ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ።

«ዓይን ያወጣ ይበሉት ግድ የለም» አላቸው ውሃልክ። «የእኔን ያወጣው እሱ አይደለም።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ወለል ወለሉን አየ። እነሱ ሲወጡ ውሃልክ አንድ ነገር ልብ አለ፤ ማንም ሰው ውሃልክ ብሎ አልጠራውም። የሚወዱትም የማይወዱትም በመዝገብ ስሙ፣ ያውም አቶ ጨምረው ነው የጠሩት። ስሙን ከነዓይኑ የቀበሩት መሰለው።

ሥራ ልመለስ ሲል ሚስቱ በር ላይ ቆመች። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ሲባል አልሰማህም?»

«አፈር አይደለም፣ ሰጋቱራ ነው።»

«ሰጋቱራ ይብሳል።»

«ወንድምሽ አለ። እሱ ስሳሳት አያልፈኝም» አላት። ይህን ያለው እሷን ለማጽናናት አልነበረም፤ ራሱ የተደገፈበት ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ቢይዘኝ ሞረድ አለ፤ ሞረድ ፊት ለፊት ይነግረኛል ብሎ ነው።

ሥራ ቤቱ ደረሰ። ሞረድ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። መከላከያ መነጽሩን አድርጓል። ሥራ ገና አልጀመረም፣ ሻይ ነው የሚጠጣው፤ ግን አድርጎታል። ውሃልክ ስድቡን ለመቀበል ራሱን አዘጋጀ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ወንድም ጋሼ» አለ ሞረድ። «ደረጃ አለ፣ ቀስ በል።»

ሞረድ በዕድሜ ይበልጠዋል። ወንድም ጋሼ ለታላቅ የሚባል ነው። ውሃልክ ቀልድ መስሎት የሚከተለውን ጠበቀ፤ የሚከተል ነገር አልነበረም። ሞረድ ወንበር አመጣለት፣ ወንበሩን በእጅጌው ጠረገለት፣ መዶሻ ሊያነሳ ሲል ቀድሞት አንስቶ ሚስማሩን መታለት። ውሃልክ ሆን ብሎ፣ «ይኼን ጠርዝ የቆረጠው የትኛው ደንባራ ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ። ይቅርታ» አለ ሞረድ።

ይቅርታ የሚለው ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሲወጣ ሰምቶ የሚያውቅ የለም፤ እናቱም ብትሆን።

ያን ዕለት ነው ትልቁ ነገር የሆነው። አንድ ጣውላ አነሳ፣ ጫፉን ወደ ፊቱ አስጠጋ፣ እንደ ልማዱ ግራ ዓይኑን ጨፈነ። ዓለም ጠፋች። ለካስ የጨፈነው የቀረችውን ነው። በጨለማ ውስጥ ጣውላ እንደያዘ ቆመ። ዓይኑን ቢገልጥ ሞረድ ፊት ለፊት ቆሞ ያየዋል፤ ምን እንደሠራ ይገባዋል። ስለዚህ እንደጨፈነ ትንሽ ቆየና፣ እንደ ድሮው ራሱን ነቀነቀ። «ቀጥ ያለ ነው» አለ።

«አዎ፣ ወንድም ጋሼ» አለ ሞረድ።

ጣውላው እንደ ቀስት የጎበጠ ነበር። ሞረድ ውሃልክ ዞር ሲል ከሰጋቱራው ጆንያ ኋላ ደበቀውና ሌላ አመጣ። ይህም አንድ ቀን ብቻ አልሆነም። እጅ የለመደውን ጭንቅላት አይከለክለውም፤ በየጣውላው ላይ ግራዋ ትጨፈናለች፣ ዓለም ትጠፋለች፣ «ቀጥ ያለ ነው» ይባላል፣ «አዎ ወንድም ጋሼ» ይመለሳል። ከጆንያው ኋላ ያለው የጎባጣ ክምር እያደር ጨመረ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ የሞረድ አፍ ግን በዝምታ ብዛት ሊሻግት ምንም አልቀረውም።

ውሃልክ ቤቱ ሲገባ ዓይኑ አያመውም ነበር፤ ሥራ ቤቱ ነው የሚያመው። «ምን ሆንክ?» ትለዋለች ሚስቱ። «ወንድምሽ ያከብረኛል» ይላታል። እሷም ነገሩ ገባት። ሰው ሠርቶ ሲሳሳት ይሰደባል፤ የማይሰደበው የማይሠራ ሰው ነው። ውሃልክ የፈራው ይህን ነው፤ ጥግ ላይ ተጠርጎ የሚቀመጥ ዕቃ መሆንን።

በዚህ መሀል አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት የመኝታ ቤት በር አዘዙ። ሴትየዋ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሁለቱ ሄደው መቃኑን አቆሙ። መቃኑ ከመታሰሩ በፊት ውሃልክ ኮሪደሩ ላይ ራቅ ብሎ ቆመና ግራዋን ጨፈነ፤ ጨለመ፤ ከፈታት። አየ። ግራዋ ያየችው ነገር ቀጥ ያለ ይሁን የዘመመ እሷም አታውቅ፤ ማን አስተምሯት። «ልክ ነው» አለ ግን። በሩ ተሰቀለ፣ ተመረቁ፣ ሄዱ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ውሃልክ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ፣ በቀኙ በኩል መምህርቷ ከመሬት በቀሉ።

«ያ በርህ» አሉት። «እግዜር ይስጥህ፣ በጣም ወድጄዋለሁ።»

«ደስ ይበልዎት እትዬ።»

«ዘግቼ ስተኛ ቀስ ብሎ ራሱ ይከፈታል። እሱ ሰውዬ በሕይወቱ በር ዘግቶ አያውቅም ነበር፤ አርባ ዓመት ‹ዝጋ እንጂ› እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን በሩ ሲከፈት እሱ የገባ ይመስለኛል። ‹ዝጋ እንጂ› እለዋለሁ። ከዚያ እንቅልፌ ይመጣል።»

ውሃልክ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንዱን ብቻ ነው። ራሱ ይከፈታል። ተዘግቶ ራሱ የሚከፈት በር መቃኑ የዘመመ በር ነው፤ ይህን ለማወቅ አናጺ መሆንም አያስፈልግ። ዳቦውን ሳይገዛ ከሰልፉ ወጣ።

ሞረድ ቫርኒሽ ይቀባ ነበር።

«የመምህርቷ በር ዘሟል» አለው ውሃልክ።

ሞረድ ብሩሹን አቆመ።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«በምን አወቅህ?»

«በቀኝህ በኩል ሆኜ ውሃ ልኩን አስጠግቼ አየሁት። አረፋዋ ዳር ሄዳለች። ከዚያ መልሼ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።»

«እና ዝም አልክ?»

ሞረድ መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ሲታይ ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ እንቅልፍ ከተኛ ቆይቷል። «ዓይንህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «ያጠፋሁት ሰው ደግሞ ተነስቼ ‹አታይም› ልበልህ? በየትኛው አፌ?»

ውሃልክ ይህን ሰው ያህል የሚወደው ወንድ በዓለም ላይ እንደሌለ ያውቃል፤ የዚያኑ ያህል ሊያንቀው ቃጣው።

«ዓይኔን ያጠፋው ሚስማር ነው» አለው። «ስሜን ያጠፋኸው ግን አንተ ነህ። የዘመመ በር ሰው ቤት አሰቅለኸኛል። ተነስ፣ ዕቃ ያዝ።»

ወደ መምህርቷ ቤት ሄዱ። መምህርቷ በሩ ይስተካከላል ሲባሉ ቅር አላቸው፤ «ተውት፣ እኔ ወድጄዋለሁ» አሉ። ውሃልክ ግን «እትዬ፣ እርስዎ ተማሪ አምስት ሲደመር አምስት ዘጠኝ ነው ብሎ ቢጽፍልዎት ወድጄዋለሁ ይላሉ?» አላቸው። መምህርቷ ተሸነፉና ወንበር ይዘው ሳሎን ተቀመጡ።

በሩን አወረዱ፣ መቃኑን ከግድግዳው አላቀቁ። ዘንበል ያለውን ለመመለስ በመቃኑና በግድግዳው መሀል ሽብልቅ ይገባል፤ ሽብልቅ ማለት አንድ ጫፉ የሰላ ቁራጭ እንጨት ነው። የእነሱ አሠራር ከድሮ ጀምሮ አንድ ነው፤ ሞረድ ሽብልቁን በጣቱ ይይዛል፣ ውሃልክ በመዶሻ ይመታል። ከአደጋው ወዲህ ግን ሞረድ ሁለቱንም ራሱ ነበር የሚያደርገው።

«ያዝ» አለው ውሃልክ፣ መዶሻውን አንስቶ።

ሞረድ መዶሻውን አየ፤ ጣቱን አየ። እምቢ ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ዕዳዬ ነው ብሎ ያሰበ ይመስላል። ሽብልቁን ያዘ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ዓይኖቹን ጨፈነ። የመጀመሪያው ምት ሽብልቁን አገኘው። ሁለተኛውም አገኘው። ውሃልክ ደስ አለው፤ መድፈር አማረውና ሦስተኛውን ጠንከር አድርጎ ሰነዘረ። አውራ ጣት ላይ አረፈ።

ከዚያ ከሞረድ ሆድ ውስጥ፣ ስንት ጊዜ ታምቆ የቆየ ነገር ወጣ።

«አንተ ዶማ» አለ። «አንተ ዕውር። አንተ ግንድ። ጣትና እንጨት የማትለይ፣ እንጨቱ ቢሆን ይሻልሃል፣ እሱ እንኳ ወገኑን ያውቃል። ደግሞ የቀረችህን አንዷን ጨፍነህ በፕላስቲኳ ጣውላ ትመረምራለህ። ‹ቀጥ ያለ ነው› ትላለህ። ምኑን አየኸውና ነው ቀጥ ያለው? አንተ ያሳለፍከውን ጎባጣ ከጆንያ ኋላ ስደብቅ ወገቤ ተቆረጠ። ሻይ ጭኔ ላይ ቀድተህ ‹ይሞቃል አይደል?› ስትለኝ ‹አዎ ወንድም ጋሼ› እላለሁ፤ ጭኔ ተልጧል። ወንድም ጋሼ? እበልጥሃለሁ እኮ፣ ልክስክስ። ሠርግህ ላይ ጫማህን ያሠርኩልህ እኔ ነኝ። አንተን እያከበርኩ ከምኖር ይኼን ጣት ቆርጠህ ብትጥለው ይሻለኝ ነበር።»

ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ያለው ነገር ሁሉ ተመልሶ ወደ ጆሮው መጣና ፊቱ አመድ መሰለ።

ውሃልክ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሞረድ ያለቀሰ መስሎት ደነገጠ፤ እሱ ግን እየሳቀ ነበር። መቃኑን ተደግፎ፣ ከዚያ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እንባው በሁለቱም ዓይኖቹ ወረደ፤ ሐኪሙ እንዳለው፣ በሌለችውም በኩል ጭምር።

«ጨርሰሃል?» አለው እየጠረገ።

«አልጨረስኩም» አለ ሞረድ በጣቱ መሀል። «ቀሪውን ነገ።»

መምህርቷ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «ተጣላችሁ እንዴ?»

«ኧረ ታረቅን እትዬ» አላቸው ውሃልክ። «ፋሻ ቢጤ ካለዎት ግን ይስጡን።»

ጣቱ ተጠቀለለ። ከዚያ ሥራው ሥራ ሆነ። ሞረድ ውሃ ልኩን ከሣጥኑ አውጥቶ መቃኑ ላይ አስደገፈ። ውሃልክ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ልማዱ መጣና ግራዋ ተጨፈነች። «ከፍተህ እይ አንተ ደንባራ» አለው ሞረድ ሳይዞር። ከፈታት። «ወደ እኔ ትንሽ» አለ ውሃልክ። «አይደለም፣ ወደ እኔ ነው» አለ ሞረድ አረፋዋን እያየ። እንደገና አየ፤ ሞረድ ልክ ነበር። እንዲህ እየተከራከሩ፣ እሱ በዓይኑ ሲገምት ሞረድ በአረፋዋ ሲያርመው፣ ግራዋ ዓይን ትምህርት ቤት እንደገባ ልጅ ቀስ በቀስ መፍገምገሟን ተወች። በመጨረሻ ውሃልክ «አሁን» ሲል አረፋዋም መሀል ላይ ቆማ ነበር። ሞረድ ዞር ብሎ አየው።

በሩን መልሰው ሰቀሉት፣ ዘጉት። እንደተዘጋ ቀረ። መምህርቷ ሲመጡ በሩን ጠበቁት። አልተከፈተም። «ጎበዞች ናችሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ወደ ውስጥ ገባ። በእጃቸው መዳፍ በሩን ደባበስ አደረጉና ሻይ ላፍላላችሁ ብለው ወደ ማድ ቤት ሄዱ።

አሁን ነው ውሃልክ መምህርቷ ዳቦ ቤት ከነገሩት የቀረውን የሰማው።

«አላቀው» አለ።

«ምኑን?»

«መቃኑን። የላይኛውን ሽብልቅ ሳብ አድርግልኝ።»

ሞረድ በሩን አየ፣ ማድ ቤቱን አየ፣ ገባው። ውሃ ልኩን ሊያነሳ ሲል ውሃልክ «ተወው» አለው። ራቅ ብሎ ቆመ። ግራዋን አልጨፈናትም። «ትንሽ... ትንሽ... በዛ፣ መልስ... እዚያ ጋ።» ሞረድ ሽብልቁን በመዶሻው ቀስ አድርጎ አጠበቀ፤ በዚህ ጊዜ ራሱ መታው። በሩን ዘጉ። ለአፍታ ተዘግቶ ቆየ። ከዚያ ድምፅ ሳያሰማ፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ እንደሚገባ ሰው፣ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

መምህርቷ የሻይ ትሪ ይዘው ሲመጡ በሩ ፊታቸው ላይ ሲከፈት ደረሱ። ቆሙ።

«ዝጋ እንጂ፣ ሰውዬ» አሉ።

ሻዩን ሞረድ ቀዳ፤ በጭኑ ላይ ከዚህ በላይ መሥዋዕት እንደማይከፍል አስታውቆ። ጠጥተው ሲጨርሱ ወደ በሩ ተመልሶ፣ ውሃ ልኩን መቃኑ ላይ አስጠግቶ አረፋዋን አየ።

«ዘሟል» አለ።

«አውቃለሁ» አለ ውሃልክ።

«የሚያስከፍተውን ያህል ብቻ ነው የዘመመው። ሰው ግን ይኼን ዕውሩ የሠራው ነው ይላል።»

«ይበል።»

«ይበል» አለ ሞረድም። መሣሪያውን ሣጥን ውስጥ ከተተ። «በል ዕቃህን ያዝ ውሃልክ፣ እንሂድ።»

ውሃልክ ስሙን ሲሰማ ወዲያው አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ቦርሳው እጀታ እጁን ሰደደ፤ አየር ጨበጠ።

«ትንሽ ወደ ፊት፣ አንተ ዕውር» አለው ሞረድ።

ትንሽ ወደ ፊት አደረገና ያዘው።